ያላየኸውን መኪና ስትገዛ

ልጄ፣ ያጠራቀምከውን ገንዘብ ይዘህ ከጃፓን ጨረታ መኪና ልታስመጣ መነሳትህን ሰማሁ። ሥራው የሚናቅ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ጥናት መሠረት ከ2015 እስከ 2018 ድረስ ብቻ 14 ሚሊዮን ያገለገሉ መኪኖች ከአውሮፓ፣ ከጃፓንና ከአሜሪካ ወደ ሌሎች አገሮች ሄደዋል፤ ትልቁ ድርሻ የገባው ወደ አፍሪካ ነው። እዚህ ጂቡቲ፣ ሄሮን ሰፈር፣ ደጄ ላይ ቆሜ ሲያልፉ ከማያቸው መኪኖችም ብዙዎቹ መጀመሪያ የተነዱት በሌላ አገር መንገድ ነው። በዚህ ንግድ ያለፈላቸውን አውቃለሁ፣ የከሰሩትንም አውቃለሁ። ያለፈላቸው ሥራቸውን የሚጨርሱት ጨረታው ከመከፈቱ በፊት ነው። የከሰሩት ሒሳብ መሥራት የሚጀምሩት መኪናው ዶራሌ ወደብ ከደረሰ በኋላ ነው።

ገንዘቡን ስትልክ በእጅህ ያለው አንድ ወረቀትና ጥቂት ፎቶግራፍ ነው። መኪናውን በዓይንህ የምታየው ከሳምንታት፣ አንዳንዴም ከወራት በኋላ ነው። ስለዚህ ከመኪና እውቀት እኩል ወረቀት የማንበብ እውቀት ያስፈልግሃል፤ ምክሬም በአብዛኛው ስለ ወረቀት ነው።

በጃፓን አዲስ መኪና በሦስት ዓመቱ፣ ከዚያም በየሁለት ዓመቱ ሻከን የሚባል ግዴታ የሆነ ምርመራ ማለፍ አለበት። ምርመራው ከነግብሩና ከነኢንሹራንሱ ብዙ ገንዘብ ስለሚጠይቅ ቀኑ ሲቃረብ መኪናውን ለነጋዴ ሰጥቶ ሌላ የሚገዛው ሰው ብዙ ነው። ነጋዴው ደግሞ ወደ ጨረታ ይወስደዋል። ከጨረታ ድርጅቶቹ ትልቁ ዩኤስኤስ ነው። ሐሙስ ሐሙስ በሚካሄደው የቶኪዮው ጨረታ ላይ በአንድ ቀን ከ10 ሺህ በላይ መኪና ይቀርባል። ይህ ሊሆን የሚችለው በብዙ መስመር በአንድ ጊዜ ስለሚሸጥና አንዱ መኪና አንድ ደቂቃ እንኳ ስለማይቆይ ነው። ተጫራቹ ቁልፍ ሲጫን ዋጋው ይጨምራል። ሻጩ "ከዚህ በታች አልሰጥም" ብሎ ያስመዘገበው ዋጋ አለ፤ ጨረታው ያንን ካለፈ መኪናው ለመጨረሻው ተጫራች ይሆናል፤ ካላለፈ ሳይሸጥ ይቀርና በድርድር ሊሄድ ይችላል። ወኪልህ ሳይሸጡ በቀሩት ላይ መደራደር ይችል እንደሆነ ጠይቀው፤ ሰው ሁሉ የሚጋፋው ለጨረታው ስለሆነ ድርድሩ ጋ ጸጥታ አለ።

ወኪል ያልኩህ አንተ በቀጥታ መግባት ስለማትችል ነው። አባል የሚሆነው በጃፓን ሕግ ያገለገለ ዕቃ የመነገድ ፈቃድ ያለው ድርጅት ነው። በሰከንዶች ውስጥ ቁልፉን የሚጫንልህ እሱ ነው። ስለዚህ "እስከዚህ ድረስ ሂድ" የምትለውን ዋጋ ከአንድ ቀን በፊት በጽሑፍ ስጠው። በዚያ ሰዓት በስልክ ላይ ሆነህ "ጨምር፣ ጨምር" የምትል ከሆነ ገንዘብህን ያሸነፈው እልህህ ነው።

አሁን ወደ ወረቀቱ እንምጣ። መኪናው ከመቅረቡ በፊት የጨረታው ድርጅት መርማሪ ያየውና በአንድ ገጽ ይጽፍለታል። ከላይ ነጥብ አለው። ኤስ ከሆነ አዲስ ነው ማለት ይቻላል፤ 6 እና 5 ከአዲስ ብዙ አይርቁም፤ 4.5 እና 4 በጥሩ ሁኔታ ያለ ነው፤ 3.5 እና 3 ጭረቱና ስርጉዱ የበዛ ነው፤ አር ወይም አርኤ ደግሞ ተጋጭቶ አካሉ የተጠገነ ነው። የውስጡ ይዞታ በኤ፣ በቢ፣ በሲ ለብቻው ይሰጠዋል። አብዛኛው ገዢ ነጥቡን ብቻ አይቶ ያልፋል። አንተ ከታች ያለውን የመኪናውን ሥዕል ተመልከት። በየላሜራው ላይ ፊደልና ቁጥር ተጽፎበታል፦ ኤ ጭረት፣ ዩ ስርጉድ፣ ደብሊው ተጠግኖ ወጣ ገባ ሆኖ የቀረ ቀለም፣ ኤስ ዝገት፣ ሲ ብረቱን የበላ ዝገት፣ ኤክስ መቀየር ያለበት፣ ሁለት ኤክስ የተቀየረ። አጠገቡ ያለው ቁጥር መጠኑን ያሳያል፤ ሲበዛ ጉዳቱ በዝቷል ማለት ነው። ኮፈኑና ሁለቱም የፊት ፓራፋንጎዎች ሁለት ኤክስ ካላቸው መኪናው ከፊት እንደተመታ ነጥቡ ሳይነግርህ አንተ ታውቃለህ።

ለጂቡቲ ከሁሉም የምፈራው ኤስ እና ሲ የተባሉትን የዝገት ምልክቶች ነው። በሆካይዶና በሰሜኑ ጃፓን በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ ጨው ይበትናሉ፤ ጨዉ ከመኪናው ሥር ገብቶ ለዓመታት ይሠራል። ይኸው መኪና እዚህ ሲመጣ የባሕሩ እርጥበትና ጨው ያልጨረሰውን ይጨርስለታል። ደረቅ አገር ላለ ገዢ ትንሽ የሆነው ዝገት እኛ ጋ ትልቅ ነው። ስለዚህ የሥሩን ፎቶ ሳታይ አትጫረት። ፎቶ የማያመጣ ወኪል ካጋጠመህ ሌላ ፈልግ።

በወረቀቱ ጥግ መርማሪው በእጁ የጫረው ማስታወሻ ይኖራል። እሱን አስተርጉም። "ሞተሩ ድምፅ አለው"፣ "ካምቢዮው ሲገባ ይመታል"፣ "ዘይት ያንጠባጥባል" የሚሉት ነገሮች የሚገኙት እዚያ ነው። ለትርጉም የምትከፍላት ጥቂት ዶላር በዚህ ሥራ ከምታወጣው ገንዘብ ሁሉ በጣም የምትጠቅመው ናት። ኪሎ ሜትሩን ከተጠራጠሩትም በወረቀቱ ላይ ምልክት ያደርጉበታል። ዓመተ ምሕረቱ ደግሞ በንጉሠ ነገሥቶቻቸው ዘመን ስለሚጻፍ ግራ ሊያጋባህ ይችላል፦ በአር የተጻፈውን ቁጥር 2018 ላይ፣ በኤች የተጻፈውን 1988 ላይ ደምረው። አር 3 ማለት 2021 ነው፣ ኤች 25 ማለት 2013። የራሳችንን ዘመን ይዘን ከሌላው ዓለም ጋር የምንነግድ ሰዎች ስለሆንን ይህ አይከብደንም። ግን ልብ በል፤ እዚያ የተጻፈው መኪናው መጀመሪያ ሰሌዳ ያወጣበት ጊዜ እንጂ የተሠራበት ላይሆን ይችላል። ቀረጡ በዕድሜ በሚሰላበት አገር ይህ የጥቂት ወራት ልዩነት ትልቅ ገንዘብ ሊሆን ይችላል።

ወረቀቱ የማይነግርህም አለ። መርማሪው ሞተሩን አልፈታም፣ መኪናውን ረጅም መንገድ አልነዳም። "ኤሲ" ብሎ ከጻፈ መሣሪያው አለ ማለት እንጂ በእኛ በሐምሌ ሙቀት ያቀዘቅዛል ማለት አይደለም። ራዲያተሩን፣ ጎማዎቹን፣ የኤሲ ኮምፕረሰሩን እዚህ አስፈትሸህ ለመቀየር የሚሆን ገንዘብ ከመጀመሪያው መድብ። ቅሬታ የሚቀርብበት ጊዜም በቀናት የሚቆጠር ስለሆነ መኪናው ገና ከወደብ ሳይነሳ ያልፋል። ዶራሌ ላይ ኮፈኑን ከፍተህ ብትጮህ የሚሰማህ የለም። ስለዚህ ከመጫኑ በፊት በገለልተኛ መርማሪ የሚያስፈትሽልህ ወኪል ምረጥ፣ ዋጋው ቢጨምርም።

አንድ ሌላ ነገር ልጨምርልህ፤ ይህ የሰው ሕይወት ስለሆነ በፍጥነት አላልፈውም። ታካታ የሚባል የጃፓን ድርጅት የሠራቸው የኤርባግ ማፈንጃዎች በዓለም ዙሪያ 100 ሚሊዮን ያህሉ እንዲቀየሩ ተጠርተዋል፤ በመኪና ታሪክ ትልቁ ጥሪ እሱ ነው። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2017 ኪሳራ አውጇል። ውስጡ ያለው ኬሚካል ለዓመታት በሙቀትና በእርጥበት ሲቆይ ይበላሽና ኤርባጉ ሲፈነዳ የብረት ስብርባሪ ነጂው ላይ ይረጫል። ሙቀትና እርጥበት ያልኩህን አስተውል፤ ያ የእኛ ከተማ ነው። ቶዮታም ሆንዳም ኒሳንም በዚህ ውስጥ አሉበት። የመኪናውን የሻንሲ ቁጥር በአምራቹ የጥሪ መፈለጊያ ላይ አስገብተህ ኤርባጉ መቀየር አለመቀየሩን ሳታረጋግጥ ማንንም ቤተሰብ በዚያ መኪና አታስቀምጥ።

የአሜሪካው ጨረታ ሌላ ዓለም ነው። እዚያ ሁለት ዓይነት አለ። ማንሃይም፣ እ.ኤ.አ. በ1945 በፔንስልቬንያ የተጀመረው፣ ፈቃድ ላላቸው ነጋዴዎች ብቻ የተከፈተ ነው። መኪናው ሲቀርብ መብራት ይበራለታል፦ አረንጓዴ ከሆነ ሻጩ የሚሠራ መኪና ነው ብሎ ኃላፊነት ይወስዳል፣ ከባድ ጉድለት ቢገኝ ክርክር ይፈቀዳል፤ ቢጫ ከሆነ የተነገረ ችግር አለበት፤ ቀይ ከሆነ እንዳለ ትወስደዋለህ፤ ሰማያዊ ከሆነ የባለቤትነት ወረቀቱ ገና አልደረሰም። ሌላው ኮፓርትና አይኤኤ ናቸው፤ እነሱ በብዛት የሚሸጡት ኢንሹራንስ "ጠፍቷል" ብሎ የከፈለበትን የተጋጨ ወይም ጎርፍ የገባበት መኪና ነው። ዋጋው የሚያስጎመጀው በዚህ ምክንያት ነው።

እዚህ ጋ ከመኪናው በፊት ታይትሉን፣ ማለትም የባለቤትነት ወረቀቱን፣ አንብብ። ክሊን ንጹሕ ነው። ሳልቬጅ ኢንሹራንስ የተወው ነው። ሪቢልት ተጠግኖ ምርመራ ያለፈ ነው። "ለማፍረስ ብቻ" የሚል የምስክር ወረቀት ያለው ደግሞ እዚያው አገር ዳግም ሰሌዳ አይሰጠውም፤ እሱን እዚህ አምጥቶ ለሰው መሸጥ የማልደግፈው ነገር ነው። "ይነሳል፣ ይንቀሳቀሳል" የሚል ጽሑፍም አያታልልህ። ትርጉሙ ግቢው የገባ ዕለት ተነስቶ ወደፊት ተንቀሳቀሰ ማለት ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ሃርቪ የተባለው አውሎ ነፋስ ቴክሳስን ሲመታ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ መኪኖች ውኃ ውስጥ ገቡ። ውኃ የገባበት መኪና ታጥቦ ሲደርቅ ከውጭ ያምራል፤ ሽቦው ውስጥ ግን አረንጓዴ ዝገት ይሠራል። አንድ የማውቀው ወጣት እንዲህ ያለ መኪና በግማሽ ዋጋ ገዝቶ በየሳምንቱ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ዘንድ ይመላለስ ነበር፤ በመጨረሻ በዕቃ ዋጋ ሸጠው። የሻንሲ ቁጥሩን ይዘህ የመኪናውን ታሪክ በጥቂት ዶላር ማውጣት ይቻላል፤ ሳታወጣ አትጫረት። ደግሞ በአሜሪካ ሕግ መኪናው ከመጫኑ ቢያንስ 72 ሰዓት በፊት ከነዋናው ታይትል ለጉምሩክ መቅረብ አለበት። ታይትሉ ሲዘገይ መኪናው ግቢ ውስጥ የቆመበት ኪራይ ይቆጠርብሃል።

ከዱባይና ከሻርጃ የሚመጣውም ብዙ ጊዜ እነዚሁ የጃፓንና የአሜሪካ መኪኖች ናቸው፤ በመካከል ሌላ እጅ ገብቶባቸዋል። ጥቅሙ በአውሮፕላን ሄደህ በዓይንህ ማየት መቻልህ ነው። ጉዳቱ የመጀመሪያው የጨረታ ወረቀት እዚያ መጥፋቱ ነው። ሻጩን "የጨረታውን ወረቀት አሳየኝ" በለው። ከቀኝ ወደ ግራ መሪው የተዘዋወረለት መኪና ሲቀርብልህ ደግሞ ዳሽቦርዱን፣ የመሪውን ጥርስ፣ የፍሬኑን ቧንቧና የኤርባጉን ሽቦ የሚያውቅ ሰው ይዘህ ካልሆነ አትንካው።

ሒሳቡን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ሥራ። ለምሳሌ እንዲህ ያለው መኪና እዚህ በ8,000 ዶላር ይሸጣል እንበል። የእኛ ፍራንክ ከ1973 ጀምሮ በአንድ ዶላር 177.721 ላይ ተቆራኝቶ ስለቆየ ይህ 1 ሚሊዮን 420 ሺህ ፍራንክ ገደማ ነው፤ ይህ መረጋጋት ለአንተ ትልቅ ጸጋ ነው። ከዚህ ላይ ትርፍህን 800፣ ለትራንዚተርና ለወደብ 400፣ ቀረጥና ታክሱ ትራንዚተርህ አስልቶ 2,000 ካለህ 2,000፣ የመርከቡን 1,500፣ የወኪሉንና የጃፓን ውስጥ ማጓጓዣውን 700፣ እዚህ ለሚጠገነው 500 ቀንስ። የቀረህ 2,100 ዶላር ነው። የጨረታ ጣሪያህ እሱ ነው። ከእሱ ላይ 100 ዶላር ስትጨምር የጨመርከው 100 ብቻ እንዳይመስልህ፤ ቀረጡ የሚሰላው መኪናው ወደብ በደረሰበት ዋጋ ላይ ስለሆነ እሱም አብሮ ይወጣል። የየን ምንዛሪም ይንቀሳቀሳልና ጣሪያህን ወደ የን ስትቀይር ትንሽ ትርፍ ቦታ ተው።

ስለ መርከቡ ትንሽ ልበል። መኪናው እየተነዳ የሚገባበት የመኪና መርከብ አብዛኛውን ጊዜ ይቀላል፤ የማይነሳ መኪና ግን ኮንቴይነር ይፈልጋል። ዋጋ ሲሰጥህ ኤፍኦቢ (ያለ መርከቡ) ነው፣ ሲኤንድኤፍ (ከነመርከቡ) ነው ወይስ ሲአይኤፍ (ከነመርከቡና ከነኢንሹራንሱ) ብለህ ጠይቅ፤ ሲኤንድኤፍ ከሆነ ኢንሹራንስ የለውም። ኢንሹራንስ ለምን እንደምትገዛ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግህም። እ.ኤ.አ. ኅዳር 19 ቀን 2023 ሁቲዎች በቀይ ባሕር ላይ የያዙት ጋላክሲ ሊደር የመኪና መርከብ ነበር። ከዚያ በኋላ ብዙ መርከቦች በደቡብ አፍሪካ ዞረው መሄድ ጀመሩ፣ የኢንሹራንሱም ዋጋ ናረ። የጦርነት አደጋ ብዙ ጊዜ በተለመደው ውል ውስጥ አይገባምና ውሉ ላይ መኖሩን በጽሑፍ አረጋግጥ።

"ወደ አዲስ አበባ አሻግሬ እሸጠዋለሁ" ብለህ የነገርከኝን ግን አስብበት። በኢትዮጵያ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 በአሮጌ መኪና ላይ እንደ ዕድሜውና እንደ ሞተሩ መጠን እስከ 500 በመቶ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ጥር ወር ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ መከልከሉን ይፋ አደረገ። መሪው በቀኝ ያለ መኪናም እዚያ ተቀባይነት የለውም። ስለዚህ ከጃፓን የገዛኸው ቶዮታ ቪትዝ የድንበሩን ከተማ ደወሌን አልፎ አይሄድም። "ሰው አለኝ፣ አሳልፈዋለሁ" የሚልህ ደላላ ቢመጣ ገንዘብህን ይዘህ ቤትህ ግባ።

የኤሌክትሪክ መኪና ላስገባ የምትል ከሆነ ሌላ እውቀት ያስፈልግሃል። እዚህ የምትገዛው በዋናነት ባትሪ ነው፤ የጨረታው ነጥብ ደግሞ የላሜራውን ውበት እንጂ የባትሪውን ጤና በደንብ አይነግርህም። የቀድሞው ኒሳን ሊፍ ባትሪውን በፈሳሽ አያቀዘቅዝም፤ ስለዚህ በአሪዞና በረሃ የነበሩ ባለቤቶች እ.ኤ.አ. በ2012 አቅሙ ቶሎ ወደቀብን ብለው አቤቱታ አቀረቡ። ዳሽቦርዱ ላይ የባትሪውን አቅም የሚያሳይ 12 መስመር አለ፤ ስንቱ እንደቀረ በፎቶ አስረጋግጥ። የእኛም ሙቀት ከአሪዞና አያንስም። ከቻይና የሚመጣው ደግሞ የቻርጅ መሰኪያው የቻይና ዓይነት ሊሆን፣ ስክሪኑም በቻይንኛ ብቻ ሊሠራ ይችላል። ገዢህ የት እንደሚሞላው ሳታውቅ አትግዛው።

ስለ ገንዘብ አላላክም እመክርሃለሁ። በመጀመሪያው ጊዜ አንድ መኪና ብቻ ግዛ፤ ወኪሉ ከዚህ በፊት መኪና ልኬላቸዋለሁ ከሚላቸው ሁለት ሰዎች ጋር በስልክ ተነጋገር። የባንክ ቁጥሩ "ተቀይሯል" የሚል ኢሜይል ከመጣልህ በጭራሽ በኢሜይሉ አትመልስ፤ ከዚህ በፊት በምታውቀው ስልክ ደውለህ በድምፅ አረጋግጥ። በዚህ ዘዴ ብቻ ትዳር የፈረሰበት ሰው አውቃለሁ። ቢል ኦፍ ሌዲንጉ፣ የኤክስፖርት ምስክር ወረቀቱና መኪናው ላይ የተቀረጸው የሻንሲ ቁጥር ፊደል በፊደል አንድ መሆናቸውን ከወደብ ከመውጣትህ በፊት አይተህ አረጋግጥ።

አሁን ደግሞ ብዙ ነጋዴ የማይወደውን አንድ ነገር ልለምንህ። የጨረታውን ወረቀት ለገዢህ ስጠው። መኪናው 3.5 ከሆነ 3.5 ነው በለው፣ በሩ ላይ ሁለት ኤክስ ካለ አሳየው። እዚህ ከተማ ብዙ ሰው የቁጠባውን ሁሉ አንድ ታክሲ ላይ አውጥቶ ቤተሰቡን ይመግባል፤ እሱ የሚገዛውን ሳያውቅ መግዛቱ አግባብ አይደለም። ጉድለቱን ሳትደብቅ ዋጋውን በዚያ ልክ ብታደርግለት ትርፍህ በአንዱ መኪና ላይ ሊያንስ ይችላል፤ ግን ወንድሙን፣ አማቱን፣ ጎረቤቱን የሚያመጣልህ ይኸው ሰው ነው። ወረቀት ደብቀው የሸጡ ሰዎች ሱቃቸውን እየቀያየሩ ሲኖሩ አይቻለሁ።

ለመጪው ሐሙስ ለመጫረት ካሰብክ የመረጥካቸውን ሦስት ወረቀቶች ከነትርጉማቸው ይዘህልኝ ና። ከአሥር ሰዓት በኋላ ቤት ነኝ፤ ጣሪያ ዋጋህን ከመላክህ በፊት አብረን እናነባቸዋለን።